ጅማ ላላችሁ፦ ሲስተም ዲዛይን (ኮድ ከመጻፍ በፊት ሥራውን አጥንቶ ሲስተሙን ማቀድ) መማር ለምትፈልጉ

አስተማሪዬን ላመሰግን ነው። በዕድሜ ያንሱኛል፤ ግን አንቱ ማለቴን መተው አልቻልኩም።

አጎቴ ቡና ሰብስቦ ያቀርባል። አምና "ሂሳቡን በኮምፒውተር አድርግልኝ" አለኝ። ኮድ መጻፍ ስለምችል በሳምንት ጨረስኩት። ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስማቸው የተመሳሰለ ሦስት ገበሬዎች እንደ አንድ ሰው ተመዘገቡ። የአንዱ ቀብድ ለሌላው ተጻፈ። የዕለቱን ዋጋ ስቀይር የትናንቱ ግዢም አብሮ ተቀየረ። አጎቴ ምንም ሳይናገር ደብተሩን አወጣ።

ያኔ ነው ጓደኛዬ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ማታ ማታ ወደሚያስተምሩት መምህርት የወሰደኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተር አላስከፈቱኝም። "ሰዎቹን ሲስተሙ ምን እንዲሠራ እንደሚፈልጉ አይጠይቋቸው። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ይዩ" አሉኝ።

ሚዛኑ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። የሚመዘነው በኪሎ ነው፤ ወሬው ግን በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ። እሸቱና (ቀዩ ፍሬ) ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው) ዋጋቸው ለየቅል ነው። ይህን ሁሉ ጽፌ ስመለስ አብረን ለያየነው። ገበሬ፣ ግዢ፣ ክፍያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሠንጠረዥ ሆኑ። ገበሬው በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥር ይታወቃል። ዋጋው ከቡናው ዓይነት ጋር ሳይሆን ከግዢው ጋር ይቀመጣል፤ ስለዚህ የዛሬው የትናንቱን አይነካም። "መብራት ሲጠፋስ?" የሚለውም ሲስተሙ ሊያሟላቸው ከሚገቡት መስፈርቶች አንዱ ሆኖ ተጻፈ። ጅማ ለኖረ ሰው ይህ መጀመሪያ ሊታየው ይገባ ነበር፤ እኔን አልታየኝም።

ከዚያ ኢአር ዲያግራም፣ ማለትም ሠንጠረዦቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ ሥዕል፣ ሣልን። ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ዘዴ ነው። ወረቀቱን ለአጎቴ ሳሳየው በጣቱ እየተከተለ አየና "እኔ እኮ የሦስት ቀን ግዢ ባንዴ እከፍላለሁ። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ግዢ አንድ ክፍያ ነው ያደረግከው" አለኝ። አንድ መስመር ሰርዤ አስተካከልኩት። ኮዱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ስንት ሌሊት ይበላኝ ነበር!

ቅሬታ አለህ ወይ ካላችሁኝ፣ የሚለቁበት ሰዓት አይታወቅም። ባጃጅ እስኪጠፋ ያቆዩናል። ኮድ ብቻ ቶሎ መልመድ የሚፈልግም ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛል። አጎቴ ደብተሩን አሁንም መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል፤ ግን ከጻፈበት ሁለት ወር አለፈው።