የቅድመ አያቴን ውጅግራ ላዳኑልኝ የደሴ አናጺ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የአያት ዕቃ የተሰበረባችሁ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

ቤታችን አንድ ውጅግራ የሚባል የድሮ ጠመንጃ አለ። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው የያዙት፣ "ፉዚል ግራ" ያሉት፣ እኛ አገር ገብቶ ውጅግራ የሆነው። አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። አድዋ ላይ ብዙ ሰው የተዋጋው በእሱ ነው። ቅድመ አያቴ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው የዘመቱት ይሄንኑ አንግተው ነው። ያን ዓመት ኅዳር ላይ ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ደብድቧል። ሰማዩ እንዲያ ሆኖ፣ ሰውየው በአንድ ጎራሽ! ሲመለሱ የእንጨት ሰደፉ ተሰንጥቆ ስለነበር በእጃቸው በጠፍር አሰሩት። ዛሬ አይተኩስም፤ ፈቃድ አለው፣ ግድግዳ ላይ ይኖራል።

አምና ወድቆ ስንጥቁ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጠላቴም አይየው። አንዱ አናጺ ዘንድ አራት ወር "ነገ ና" ተባልኩ። በመጨረሻ ስሄድ ሚስማር መትቶበታል! ቫርኒሽ ለቅልቆ እንደ አልጋ እግር አብለጭልጮታል። ጠፍሩንስ? ቆርጦ ጥሎታል። "አሳመርኩልህ እኮ" ይለኛል ደግሞ። ጠፍሩን ከሰጋቱራው ውስጥ ለቅሜ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሌላው ጭራሽ ሳያየው "ማገዶ አድርገው" አለኝ። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

አንድ ጎረቤታችን ነው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉትን ሽማግሌ የጠቆመኝ። የዘንድሮን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ አጎቴ ፈታልኝና ብረቱን ቤት ትቼ እንጨቱን ብቻ በጆንያ ጠቅልዬ ከኮምቦልቻ ተሳፈርኩ። ሐረጎን ስንወጣ አጠገቤ ያሉት እናት "እርፍ ነው ልጄ?" አሉኝ። "አዎ እማማ" አልኩ፣ ምን ልበል።

ሽማግሌው ጆንያውን ገለጥ አድርገው "ውጅግራ ነው" አሉ። ብረቱን ሳያዩ! ዝም ብለው በአውራ ጣታቸው እንጨቱን ዳበሱት። ቫርኒሹ ስር የቀረችውን ምልክት አግኝተው ቀና አሉ። "እዚህ ጋ ጠፍር ነበረ። የት አደረስከው?"

አልዋሻችሁም፣ እንባዬ መጣ። ፌስታሉን አወጣሁ። "አብሽር" አሉኝ።

እንዴት እንደሠሩት አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ሚስማሩ ወጣ፣ ቫርኒሹ ለቀቀ፣ የተልባ ዘይት ሲቀቡት አይቻለሁ። በአሥረኛ ቀኑ ስመለስ ስንጥቁን ፈልጌ አጣሁት። ጠፍሩን ግን ነክረው፣ አለስልሰው፣ ባጠረው ላይ ቀጥለው፣ ቦታው ላይ መልሰው አስረውታል። "እንጨቱ አሁን አያስፈልገውም፣ ግን የሳቸው ነው" አሉኝ። የእንጨቱን ዋጋ ብቻ ተቀበሉ። ለጠፍሩ ሳንቲም አልነካ አሉ።

አጎቴ ሲገጥመው እናቴ እልል አለች። እልልታዋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

እና ሰዎች፣ ሂዱ! ወንበር ይሁን፣ ሳጥን ይሁን፣ የክራር እንጨት ይሁን፣ ውሰዱላቸው። ስሜን አትጻፍ ብለውኛል። ሰኞ ገበያ ደርሳችሁ "አሮጌ ዕቃ የሚጠግኑት አባት" በሉ፣ ልጆቹ ራሳቸው ያደርሷችኋል። ዓርብ ከሰዓት ግን አትልፉ፤ ጁምዓ ሄደው አይመለሱም።