ለሐይቅ ውሃ የትኛው አስመሳይ ዓሣ ይሻላል? የጉተታ ማጥመጃዎች ንጽጽር

በጀልባ እየቀዘፉ ከኋላ ስለሚጎተት ማጥመጃ የሚያማክረኝ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ከሁሉም ጠልቆ የሚሄደው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ ስሙም ሐይቅ የሆነው ውሃ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ቆሞ ለሚያየው ሰው ዓሣው ሁሉ ከታች የተሸሸገ ይመስለዋል። በዚህ ግምት ገንዘብዎን እንዲያወጡ ግን አልፈልግም።

ከማጥመጃው በፊት ዓሣው ይታወቅ። በሐይቅ በብዛት የሚያዘው ቆሮሶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ የሚሸሽ ነገር አያሳድድም። ካርፕም ጭቃ እየፈተሸ የሚኖር ዓሣ ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ብለው አስመሳይ ዓሣ፣ ማለትም ትንሽ ዓሣ መስሎ የተሠራ ማጥመጃ፣ ከገዙ ብርዎን ውሃ ውስጥ እንደመጣል ይቁጠሩት። አሳዳጁ አምባዛ ነው። አምባዛ ደግሞ አየር ለመሳብ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል፤ ጫጩት ቆሮሶዎችን የሚያገኘውም በዳር፣ በቄጠማው አካባቢ ነው። የሐይቁ ጥልቅ ክፍል ኦክስጅን ያጥረዋል። ስለዚህ መጎተቻችን በዳሩ ተዳፋት ላይ፣ ከ2 እስከ 6 ሜትር ባለው ውሃ ውስጥ ነው። ምርጫው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ክራንክቤት የሚባለው ይህ አስመሳይ ዓሣ ከአገጩ ሥር የፕላስቲክ ምላስ አለው። ሲጎተት ውሃው ምላሱን ይጫነዋል፤ ማጥመጃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ግራና ቀኝም ይንቀጠቀጣል። ምላሱ በረዘመና ወደ ፊት በተዘረጋ ቁጥር ይጠልቃል፤ ባጠረና ወደ ታች በቆመ ቁጥር ከገጹ ብዙም አይርቅም። ሻጩ የሚነግርዎትን ከማመንዎ በፊት ምላሱን ይመልከቱ።

ምላሰ አጭሩ ተንሳፋፊ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይወርዳል። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ አምባዛ ወደ ዳር በሚቀርብበት ሰዓት ደህና ይሠራል፤ ረፋድ ላይ ግን ከዓሣው ራስ በላይ ያልፋል። ምላሰ ረጅሙ ተንሳፋፊ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህንን ይግዛ እላለሁ። ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ለአምባዛ አፍ ይበቃል። ዋናው ጥቅሙ መንሳፈፉ ነው፤ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲነካ መቅዘፉን ቢያቆሙ ወደ ኋላ ብሎ ራሱን ያላቅቃል። ምላሱ ከሰውነቱ የሚተካከለው ትልቁ ደግሞ እስከ 9 ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ በእኛ ተዳፋት ላይ ታቹን ያርሳል፣ ቀዛፊውንም ያደክማል።

ምላስ የሌለው ሰማጭ ዓይነት በመልኩ ያምራል፣ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ለሞተር ጀልባ ይስማማል። በመቅዘፊያ ለሚሄድ ሰው ግን አልመክረውም፤ እጅ ሲዝል ይሰምጣል። እኔ በዚህ ማጥመጃ የአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረብ ቀድጃለሁ። ጀልባዬ ለአፍታ ስትቆም ሰመጠና ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆው መረቡን ያዘው። አዛውንቱ «አብሽር ልጄ፣ ይጠገናል» አሉኝ። መረብ ለእርሳቸው የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ያንን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። የትኛውንም ቢገዙ መረብ የት እንደተጣለ ሳይጠይቁ አይጎትቱ፤ ባለ ሦስት ጫፉን መንጠቆም በነጠላ ይተኩት። ነጠላው መረብና ቄጠማ ብዙ አይዝም፣ ዓሣውንም በደንብ ይይዛል።

እንጨት ወይስ ፕላስቲክ? ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 የመጀመሪያውን ማጥመጃ ከቡሽ ጠርቦ በቸኮሌት መጠቅለያ ወረቀት ነበር ያለበሰው፤ በኋላ የመጡት የባልሳ እንጨት ማጥመጃዎች እስከ ዛሬ በዝግታ ሲጎተቱ የሚያሳዩት እንቅስቃሴ ሕይወት ያለው ይመስላል። እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ከድንጋይ ጋር ሲጋጩ ይሰነጠቃሉ፣ ውሃም ይገባቸዋል። ባዶ ሆድ ያለው ፕላስቲክ ይጠነክራል፤ በሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ኳሶች ያሉበት ደግሞ ሲሄድ ይንኳኳል። አምባዛ በደፈረሰና በጨለማ ውሃ ከዓይኑ ይልቅ በጢሙና ንዝረት በመስማት ስለሚያድን ለሐይቅ የሚንኳኳውን እመርጣለሁ። ለቀለም ብዙ አይጨነቁ፤ ውሃው ሲጠራ ብርማ፣ ሲደፈርስ ጥቁር ወይም ደማቅ ቢጫ ይበቃል።

ክሩ የማጥመጃውን ያህል ይወስናል። የተጎነጎነ ክር በተመሳሳይ ጥንካሬ ከተራ ናይሎን በጣም ይቀጥናል፤ ቀጭን ክር ውሃውን በቀላሉ ስለሚቆርጥ ያው ማጥመጃ ጠልቆ ይሄዳል። ነገር ግን አይለጠጥም፤ ትልቅ አምባዛ ድንገት ሲመታ ድንጋጤውን ሁሉ መንጠቆው ይሸከማል። ናይሎን ይለጠጣል፣ ይቅር ባይ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። ለጀማሪ 0.35 ሚሊ ሜትር ናይሎን ይበቃል። ከ20 እስከ 30 ሜትር ለቀው በሰዓት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይቅዘፉ፤ የረጋ የሰው እርምጃ ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ክሩን ከመልቀቅዎ በፊት ማጥመጃውን በጀልባው ጎን አንድ ሜትር ያህል ይጎትቱት። ቀጥ ብሎ ካልሄደና ወደ ቀኝ ካዘነበለ፣ ክር የሚታሰርባትን ቀለበት በፒንሳ በጣም በጥቂቱ ወደ ግራ ያጥፏት፤ ወደ ግራ ካዘነበለ ወደ ቀኝ። ደግመው ይሞክሩት። ይህን ሳይሞክሩ «ማጥመጃው አይሠራም» ብለው የጣሉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ የጣሉትን አንስቼ ቀለበቱን ካቃናሁ በኋላ አምባዛ ይዤበታለሁ።