ለጓሮ ግሪንሃውስ ላስቲክ ወይስ ፖሊካርቦኔት? (ለዴንቨርና አውሮራ ልጆች)

ኦክቶበር ሲገባ በሶብላችን ውርጭ መታው፣ ግሪንሃውስ ልንሰራ ነው ምን እንግዛ እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። 8 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ድርብ ሆኖ መሃሉ ባዶ የሆነውን ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው) ግዙ። ለአየር ደግሞ ጣሪያ ላይ በሰም ኃይል ራሱ የሚከፈት መስኮት አድርጉበት። ላስቲክ የምመክረው ለአንድ ሰመር ብቻ ሞክሮ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው።

እሺ ወደ ብሩ። 8 በ12 ፊት የሆነ ቤት ግድግዳና ጣሪያው ሲደመር 370 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው። የግሪንሃውስ ላስቲክ 90 ዶላር አካባቢ፣ የሚይዘው ሐዲድና ሽቦ ሌላ 100፣ በቃ 190 ነው። ፖሊካርቦኔቱ 4 በ8 የሆነው አንዱ 85 ዶላር ቢሆን 13 ይፈጃል፣ 1,105 ዶላር። ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ደንግጦ ወደ ላስቲኩ ይመለሳል፣ የመብራት ቢሉን ግን ማንም አያሰላውም። ከነጠላ ላስቲክ ሙቀት የሚያመልጠው ከ8 ሚሊው እጥፍ ነው። ውጭ 25 ፋራናይት ሆኖ ውስጡን 50 ላይ ለመያዝ ላስቲኩ 3.2 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል፣ ፖሊካርቦኔቱ 1.6። 12 ሰዓት ለሚሆን ሌሊት፣ ኪሎዋት ሰዓቱን በ15 ሳንቲም ብናስበው አንዱ 5.75 ዶላር ሌላው 2.90 ይበላል። እንደዚህ ያለ ሌሊት በዓመት 120 ቢሆን ልዩነቱ 340 ዶላር ነው፣ በሦስተኛው ዊንተር ፖሊካርቦኔቱ ትርፉን ዋጋ መልሷል ማለት ነው። ላስቲኩ ደግሞ ባለ 1,500 ዋት ሂተር ሁለትም አይበቃውም፣ ሁለቱን በአንድ መስመር ብትሰኩ ብሬከሩ ይጥላል።

ደግሞ በረዶ አለ። ዴንቨር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ሜይና ጁን ላይ የሚወርደው የድንጋይ ያህል ነው፣ ላስቲክ ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። ፀሐዩም 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን ይበረታል። ለቀለም ቀቢ የሚሸጠውን ተራ ነጭ ላስቲክ በ30 ዶላር አግኝቼ ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ዩቪ (ጎጂ የፀሐይ ጨረር) መከላከያ የለውም፣ አንድ ሰመር ሳይጨርስ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል።

ፖሊካርቦኔትም ቢሆን ርካሹን ተጠንቀቁ። አንድ ወዳጄ 4 ሚሊ የሆነ ሙሉ ኪት በ600 ዶላር ገዝቶ ከተራራው የሚመጣው ንፋስ ግድግዳዎቹን ከፍሬሙ ነቅሎ ጎረቤት ግቢ ወስዶለታል። ያልተወሰደውም በሁለት ዓመቱ ቢጫ ሆነ፣ ምክንያቱም የዩቪ ሽፋኑ የለም ወይ የይስሙላ ነው። ስትገዙ ሽፋኑ በየትኛው በኩል እንደሆነ የተጻፈበትን ስስ ፕላስቲክ ሳታዩ አትላጡ፣ እሱ ወደ ውጭ ነው የሚዞረው። ባዶ መስመሮቹ ከላይ ወደታች ይሁኑ፣ ውሃ እንዲወርድ፣ ላዩን በአልሙኒየም ቴፕ ታችኛውን ደግሞ በሚተነፍሰው ቴፕ ዝጉት፣ አለበለዚያ ውስጡ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል እሱም አይለቅም። የብሎኑን ቀዳዳ ሰፋ አድርጉት፣ ፖሊካርቦኔቱ ሙቀት ሲያገኝ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ከጠበበ ይሰነጠቃል።

አየሩን ሰው ይረሳዋል፣ እኔ ግን ከብርድ በላይ ተክል ሲገድል ያየሁት ሙቀት ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ውጭ 45 ሆኖ ፀሐይ ከወጣች የተዘጋ ግሪንሃውስ ውስጥ 100 ያልፋል። የሚከፈተው ቦታ ከወለሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ መሆን አለበት፣ ለ8 በ12 ቢያንስ 14 ስኩዌር ፊት ማለት ነው፣ ከኪቱ ጋር የሚመጣው ትንሽዬ መስኮት አይበቃም፣ በሩንም ከቆጠራችሁት ትጠጋላችሁ።

ፋን በደቂቃ 700 ኪዩቢክ ፊት የሚያስወጣው ከቴርሞስታቱ ጋር 130 ዶላር አካባቢ ነው፣ ይሰራል፣ ግን ዝናብና መብረቅ ሲመጣ መብራት ከጠፋ ዋጋ የለውም። የሰሙ መክፈቻ 45 ዶላር ነው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሰም ሲሞቅ አብጦ ፒስተኑን ይገፋል፣ መብራት አይፈልግም። ቀስ ብሎ ስለሚዘጋ ድንገተኛ በረዶ ሲመጣ አይደርስም፣ ያ እውነት ነው። ከ20 ዶላሩ ቅጂ ራቁ፣ ክንዱ ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ሰሙ ይፈሳል፣ መለዋወጫ ሲሊንደርም የለውም። ጥሩው ሲበላሽ ሲሊንደሩን ብቻ በ28 ዶላር ትቀይሩታላችሁ። ለዊንተር መስኮቱን በቁልፍ የምትዘጉ ከሆነ መክፈቻውን አስቀድማችሁ ፍቱት፣ ተቆልፎ ከሞቀ ፒስተኑ ይጣመማል። ንፋስ ለሚበዛበት ሰፈር መስኮቱ ላይ አጭር ሰንሰለት እሰሩ፣ 4 ዶላር ነው።

ላስቲክ ቀድማችሁ ያለበሳችሁት ካለ አትጣሉት፣ ከውስጥ የግሪንሃውስ አረፋ ላስቲክ (ባብል ራፕ) ደርቡበት፣ የሂተሩ ወጪ በደንብ ይቀንሳል። 55 ጋሎን ጥቁር በርሜል ውሃ ሞልታችሁ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ አቁሙ፣ ያገለገለ በ20 ዶላር ይገኛል፣ የምግብ ዕቃ የነበረበት መሆኑን ጠይቁ። ውሃው ሌሊት 10 ዲግሪ ሲወርድ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ይሰጣችኋል፣ 20 ሳንቲም ማለት ነው በየሌሊቱ።