ሞንታውክ፣ ሲ-ዶሪ ወይስ የሽርሽር ጀልባ? ለሲያትል ውሃ አሮጌ ሞተር ጀልባ ስትመርጡ

ሲያትል የሚኖር አንድ ወዳጄ ሳልሞን የሚያጠምድበት ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ ተነሳና ሦስት ማስታወቂያ ላከልኝ። አንዱ ባለ 17 ጫማ ቦስተን ዌለር ሞንታውክ ነው። ሁለተኛው ባለ 22 ጫማ ሲ-ዶሪ። ሦስተኛው ሞተሩ በውስጡ የተቀመጠ፣ አፍንጫው ላይ መቀመጫ ያለው ባለ 19 ጫማ የሽርሽር ጀልባ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ ናቸው። የሽርሽሩ ጀልባ ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ቀለሙም ያብረቀርቃል። የወዳጄ ልብ እዚያ ላይ አርፎ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ውሃው። ፒውጀት ሳውንድ፣ ማለትም የሲያትል የባሕር ወሽመጥ፣ ከዳር ሆነው ሲያዩት ሐይቅ ይመስላል። ግን በበጋ ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ነፋስ በሁዋን ደ ፉካ መተላለፊያ በኩል እየጠነከረ ይገባል። ውሃው በዚያው መተላለፊያ ወደ ውቅያኖስ ሲመለስ ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው የሚፈሰው። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጀልባው ከአንዱ ወርዶ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል። ውሃው በበጋም ብርድ ነው፤ የወደቀ ሰው እጁ ቶሎ ይደነዝዛል። ለዚህ ነው እኔ ከፍጥነትም ከምቾትም አስቀድሜ ውሃ ቢገባበት ምን ይሆናል ብዬ የምጠይቀው።

ሞንታውክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ፎም ተሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 የኩባንያው መሥራች ዲክ ፊሸር ከትንሿ ጀልባቸው ላይ ተቀምጦ ለሁለት ስትመገዝ የሚያሳይ ፎቶ ላይፍ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ግማሿም አልሰመጠችም። ግን ሞንታውክ ጎኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ያረጥባል። አጭር ሞገድ ላይ በፍጥነት ከሄዳችሁ ወገባችሁን ይመታችኋል። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በደንብ ባልተደፈነ የብሎን ቀዳዳ ውሃ እየገባ ፎሙ ይጠጣዋል። ይህ በዓይን አይታይም። ባዶው ጀልባ ያለ ሞተር ወደ 430 ኪሎ ነው የሚመዝነው። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አውጡት፣ የሞተሩን፣ የነዳጁንና የተጎታቹን ክብደት ቀንሱ። ብዙ ከበለጠ ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው።

ሲ-ዶሪ እዚያው ዋሽንግተን ግዛት የተወለደ ጀልባ ነው። የተዘጋ ክፍል አለው፤ ዝናቡና የሚረጨው ውሃ ውጭ ይቀራል። ለልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጠፍጣፋ ስለሆነ በትንሽ ሞተርና በትንሽ ነዳጅ ይሄዳል፣ ቆሞም ብዙ አይወዛወዝም። በዚያው ልክ ሞገድ ላይ ይጋጫል፣ ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው። ሆዱ ውስጥ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለ፤ ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል። ብሎን በተመታበት ቦታ ሁሉ ከሥር እየዞራችሁ አንኳኩ።

ወደ ሽርሽሩ ጀልባ መጣን። ሞተሩን የሚይዘውን የኋላ ግድግዳ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግሁት። ከላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ወደ ታች ስወርድ ድምፁ ታፈነ፣ እርጥብ ጆንያ የመታሁ ያህል። በፋይበርግላሱ ውስጥ ያለው ኮምፐርሳቶ በስብሷል። ወዳጄ እጀታውን ተቀብሎ ራሱ ደገመው። ፊቱ ተለወጠ።

ግድግዳው ደህና ቢሆን እንኳ አልመክረውም ነበር። የሞተሩ ዘንግ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦታ ላይ የጎማ ሽፋን አለ። ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ጀልባው ወደብ ላይ እንደታሰረ ውሃ ይሞላል። ክፍት አፍንጫው ደግሞ ቀጥ ያለ ሞገድ ሲመጣ እንደ ማንኪያ ይዝቃል። የአሜሪካ ሕግም ልዩነት ያደርጋል። ከ20 ጫማ በታች የሆኑና እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ የተሠሩ የሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞሉም መንሳፈፍ አለባቸው። ሞተሩ ከኋላ የሚንጠለጠለው ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ ይገደዳል። ሞተሩ በውስጥ ላለው ግን የተወሰነ ክፍሉ ከውሃ በላይ ከቀረ ይበቃል። ከ20 ጫማ በላይ ደግሞ ግዴታው የለም። ስለዚህ ሲ-ዶሪውንም ትልቅ ነው ብላችሁ አትመኑት።

ጥልቅ ቪ ሆድ ያላቸውን፣ ማለትም ሆዳቸው እንደ V ፊደል ወደ ታች የሾለ ጀልባዎችን፣ የሚያነሱም አሉ። እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገው ውድድር ሬይ ሀንት የነደፈው ሆድ ሻካራ ባሕር ሰንጥቆ አሸነፈ። ግን ትልቅ ሞተር ይፈልጋል፣ ቆመው ሲያጠምዱም ይወዛወዛል። ክፍት ውቅያኖስ ለሚወጣ ሰው ይሁን።

ብቻውን ለሚያጠምድና ትንበያውን አይቶ ለሚወጣ ሰው ደረቅ ፎም ያለው ሞንታውክ ይሻላል። ወዳጄ ሁለት ልጆች አሉት፤ ሲ-ዶሪውን መረጠ። ከክፍያው በፊት ግን ሻጩን ይዘን ውሃ ላይ ወጣን፣ ነፋሱ ትንሽ ከፍ ባለበት ሰዓት። አንድ ሰዓት ከሄድን በኋላ ሞተሩን አጥፍተን የወለሉን ክዳን ከፈትን። ደረቅ ነበር። ብሩን ቆጥሮ የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።