ለከዚራዋ ልጅ ምስጋና፣ ድሬ ላይ ቤት ለምትሰሩ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ብዙም ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም፣ ይሄን ግን ሳልጽፍ ብቀር ለህሊናዬም ይከብደኛል። የከዚራዋ ልጅ የምላት እዚሁ ድሬ ከዚራ ሰፈር ሆና የቤታችንን ፕላን በኮምፒውተር የሰራችልን ባለሙያ ናት። ሳቢያን ላይ ለእናታችን ቤት እየሰራንላት ነው፣ ጂ ፕላስ 1፣ ምድር ቤትና አንድ ፎቅ። ብሩን የሚልከው ጅቡቲ ወደብ የሚሰራው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እዚህ የምሯሯጠው ደግሞ እኔ። ወንድሜ በዛ ሙቀት ለፍቶ የሚልካት እያንዳንዷ ብር እጄ ላይ እንዳትባክን እያልኩ ስንት ሌሊት እንዳደርኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

እናቴ ቤት ሲባል ነገሩ ከሌላው ሰው ይለያል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሲሞላ የኛንም ቤት ወስዶታል። የዛን ሌሊት ድሬ ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣችው፣ እኛ ነፍሳችን ተርፋ እቃችን ሁሉ ሄደ፣ እናቴ በሌሊት ልብሷ ወንድሜን አዝላ እኔን በእጄ እየጎተተች ነው የወጣችው። ከዛ በኋላ ኪራይ ቤት ለኪራይ ቤት ስንዞር አደግን። እና ይሄ ቤት ለሷ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ፕላኑን መጀመሪያ የሰራልን ሰው (ስሙንም ቢሮውንም አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ) ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ መብራት ጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸ እያለ ወራት አስቆጠረን። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሁለት ጥቅልል ወረቀት ሰጠኝ፣ አንዱ አርክቴክቸር (የክፍሎቹ አቀማመጥ) አንዱ ስትራክቸር (ቤቱን የሚሸከመው አርማታና ብረት)። ለካ ስትራክቸሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አሰርቶ፣ እሱ ደግሞ ከዛ በኋላ ኩሽናውንና ደረጃውን አንቀሳቅሶ፣ ሁለቱ ወረቀት እርስ በርሱ አይተዋወቅም! እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወረቀት ነው፣ መስመር ነው፣ ማህተም አለው፣ አመስግኜ ወሰድኩ።

ጉድጓድ ተቆፍሮ ኖራ ሲሰመር ነው ፎርማናችን (ትልቅ ሰው ናቸው፣ እድሜ ይስጣቸው) ሁለቱን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው ጠጠር ጭነውበት ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ ይሄ ኮለን የኩሽናው በር መሃል ላይ ነው የሚወጣው" ያሉኝ። የአርማታ ምሰሶው በር መሃል! ደሜ ቀጥ አለ። ወደ ሰውየው ስደውል ስልክ አያነሳም። ሌላ ቦታ ይዤ ሄድኩ፣ እዛ ደግሞ ወረቀቱን እንኳን ሳይገልጠው ሁሉንም ከዜሮ ካላሰራሽ አለኝ፣ ለምን ብዬ ስጠይቅ "አንቺ ይሄ አይገባሽም፣ ወንድ ካለ ላኪ" አለኝ። ወላሂ እያለቀስኩ ነው ባጃጅ የተሳፈርኩት።

ልጅቷን የጠቆሙኝ እኚሁ ፎርማን ናቸው። ከዚራ፣ ዛፎቹ ስር ካሉት ቤቶች በአንዱ ትንሽዬ ክፍል ተከራይታ ነው የምትሰራው። ወጣት ናት፣ ሳያት ልቤ አልሞላም ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ወረቀቶቹን ተቀብላ አንድ በአንድ አየቻቸውና ስለ ብር ሳታነሳ "ነገ ሳይት ላይ ልምጣ፣ ፀሐይ ሳትበረታ" አለች። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሜትሯን ይዛ ደረሰች። እያንዳንዷን ጉድጓድ ለካች። አቦ፣ እስከዛ ቀን ማንም መጥቶ መሬቱን በአይኑ ያየልን ባለሙያ አልነበረም እኮ!

ከዛ ሬቪት በሚባለው ሶፍትዌር ቤቱን ከስሩ ጀምራ ሰራችው። ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አስረድታኛለች፣ ገሚሱ አልገባኝም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። በፊት የተሰራልን በኦቶካድ መስመር ብቻ ነበር፣ እዛ ላይ ኮለን ማለት አራት መስመር ነው፣ ኮምፒውተሩ በር ይሁን ኮለን አያውቅም። እሷ ጋ ግን ኮለኑ ኮለን መሆኑን ያውቃል፣ ከዚህ ፎቅ እስከዛ ፎቅ ብላ ታስረዋለች፣ የፎቁን ከፍታ ስትቀይረው ኮለኑም አብሮ ይረዝማል። ሲቆረጥም፣ ከላይ ሲታይም፣ ከጎን ሲታይም ያው አንድ ቤት ነው፣ አንዱ ጋ የተነካ ሁሉም ጋ ይቀየራል። ሁለት የማይተዋወቅ ወረቀት ላቃጠለኝ ለኔ ይሄ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ግን የምጽፈው በዚህ አይደለም። እናቴን ይዤ የሄድኩ ቀን ስለሆነው ነገር ነው።

እናቴን አስቀመጠቻት፣ ፋኑን ወደሷ አዞረችላት፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ጠርዝ ድረስ አስጠጋችላትና "እማማ፣ ቤትዎ ይግቡ" አለቻት። በበሩ አስገባቻት። ሳሎን፣ ኩሽና፣ በሩ መሃል የተገተረውን ኮለን አሳየቻት። ከዛ ደረጃው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና "ልጅዎ ቁመቱ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች። እኔ የወንድሜን ቁመት 1 ሜትር ከ85 ነው አልኩ። የሰው ምስል አምጥታ በዛ ቁመት ልክ ደረጃው ላይ አቆመችው፣ አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ እያለች አወጣችው፣ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቢሙ (አግድሙ የአርማታ ተሸካሚ) ግንባሩ ውስጥ ገባ። እናቴ "ዋይ ልጄን!" ብላ የራሷን ግንባር ያዘች። ከደረጃው እስከ ቢሙ ያለው ክፍተት ለካ 1 ሜትር ከ60 ብቻ ነው። ቤቱን የሚያሰራው ልጅ ከጅቡቲ ሲመጣ የገዛ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ ሊወጣ ነበር። ይሄ ሁሉ አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢሆን ብላችሁ አስቡት እስቲ።

አሁን ደግሞ ታማኝነቷን ስሙ። እናቴ "በቃ አንሺው ያንን ቢም" ስትላት "እማማ እኔ ማንሳት አልችልም፣ እኔ የት እንዳለ ነው የማሳይዎት፣ ስንት ፌሮ እንደሚገባና ምን እንደሚሸከም የሚያሰላው ስትራክቸራል መሀንዲሱ ነው" አለቻት። በራሷ ስልክ ለመሀንዲስ ደወለች፣ መጣ፣ አብረው ተቀምጠው ቢሙ ወደ ደረጃው ክፍት ጠርዝ ሄደ፣ የኩሽናው ኮለን ቦታ ተቀየረ፣ እሱ እንደገና አሰላው፣ ፈረመበት፣ ፈቃድ ክፍልም ማሻሻያው ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ ማውዙን ጎተት አድርጎ ብሩን ይቀበል ነበር። አንድ ጉድጓድ መልሰን ሞላን፣ ሌላ ቆፈርን፣ ኪሳራችን ያቺው ብቻ ሆነች።

እናቴ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞራ "ልጄ፣ ውሃ ቢመጣስ?" አለቻት። እኔ አፈርኩ፣ ይሄ የሷ ስራ አይደለም ብዬ። ልጅቷ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። የዛን ጊዜ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ጠየቀቻት፣ እናቴም ደረቷን በእጇ እያሳየች ነገረቻት፣ ሙሉውን ታሪክ፣ እኛ ልጆቿ ሰምተነው የማናውቀውን ጭምር። ልጅቷ አላቋረጠቻትም። ከዛ ቤቱን በስክሪኑ ላይ ቆርጣ መሬት ውስጥ ያለውን አሳየቻት፣ ፉቲንጉን (የኮለኑን መሠረት)፣ ግራውንድ ቢሙን (ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘውን)፣ ወለሉ ከመንገዱ ስንት ሴንቲ ከፍ እንደሚል። "ይሄ ሁሉ እግር ነው እማማ፣ ሰው የማያየው እግር" አለቻት። የአፈሩን ነገር ደግሞ መሀንዲሱ አስመርምሮ እንዳየው ነገረቻት። እናቴ ያን ቀን ማታ ያለወትሮዋ በጊዜ ተኛች።

ሌላም አለ፣ ላሳጥረው። የሶሌታውን (የፎቁን ወለል አርማታ) መጠን ሶፍትዌሩ ራሱ አውጥቶ ይሰጣል። 10 በ12 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ፣ የደረጃው ክፍት ሲቀነስ ወደ 16 ሜትር ኩብ ተኩል ነው የሆነው። ኮንትራክተሩ 22 ብሎን ነበር። ወረቀቷን ሳሳየው ትንሽ አየት አደረገና "ብክነት ጨምረን 18 እናድርገው" አለ። ልዩነቱን በሲሚንቶ ዋጋ እናንተው አስሉት።

ወንድሜ ቤቱ ሲሽከረከር የሚያሳየውን ቪዲዮ በቴሌግራም ልካለት እኩለ ሌሊት ነው የደወለልኝ። "ደረጃውን አየሁት፣ በደንብ ያሳልፈኛል" አለ፣ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያስከፈለችን የተስማማነውን ብቻ ነው። ለተመላለሰችበት ጨምሬ ስሰጣት እምቢ አለች፣ እናቴ በግድ አንድ ኪሎ የሀረር ቡና አስያዘቻት። እጇ ይባረክ፣ እናቷ ትባረክ።

እባካችሁ ድሬም ሀረርም ያላችሁ፣ ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት እሷ ጋ ሂዱ። ፕላን አለን፣ ማህተም አለው ብላችሁ አትተማመኑ፣ እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት። አርክቴክቸሩና ስትራክቸሩ አንድ ላይ ሆኖ በአይናችሁ እዩት፣ የልጃችሁን ቁመት ንገሯትና ደረጃው ላይ ታቁምላችሁ። በተለይ ውጭ ሆናችሁ ብር የምትልኩ፣ በተለይ እናንተ! ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣም፣ ሳታስፈቅጂኝ አትለጥፊ ብላኛለች፣ በኢንቦክስ የጠየቀኝን ሁሉ ግን ቦታውን እነግራለሁ፣ ካስፈለገም ራሴ አደርሳለሁ።

ቅዳሜ ሶሌታ እንሞላለን። በግ ገዝተናል፣ ጎረቤት የሆናችሁ ጠዋት ብቅ በሉ። እሷንም ጠርተናታል፣ እናቴ ደረጃው ስር ወንበር አዘጋጅታላታለች።