ስምንት ወር ከኮሮላዬ ጋር፦ ስለ ሞተሩ አትጠይቁኝ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ኮሮላዋ እንዴት ናት?» እንደ ፈረንጆቹ የ1998 ሞዴል ናት፣ ማንዋል ማርሽ። ስምንት ወር ነዳኋት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ዘይት አትበላም። የቱሉ ዲምቱን አቧራና የሰፈራችንን ኮረኮንች ችላ ትሄዳለች። ስለ መኪናዋ ያለኝ ይኸው ነው። አሁን ስለ ጣሪያ መብራቷ ላውራ።

አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ አቆምኳት። አቧራ ስለማልወድ ሁሌም ልባስ አለብሳታለሁ። እሁድ ከቤት አልወጣሁም። ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» አለችና ዝም። የዳሽቦርዱ መብራቶች ፈዘዋል። ጎረቤቶች ወጡ፣ ገፋናት፣ ቁልቁለቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ተነሳች። ባትሪው አርጅቷል ብዬ ደመደምኩ።

ማታ ስመለስ የግቢያችን ጥበቃ በሩን ከፈቱልኝና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ከባለቤትህ ጋር ታረቃችሁ?»

«መቼ ተጣላን አባባ?»

«ሁለት ሌሊት መኪና ውስጥ አደርክ እኮ። መብራት አብርተህ። ልባሱ እንደ ድንኳን ሲበራ አይቼ፣ የሰው ገመና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

የጨዋ ሰው ጨዋነት ባትሪዬን በላው።

ሒሳቡን ያን ማታ ሠራሁት። የጣሪያው አምፖል 10 ዋት ነው። በ12 ቮልት ሲካፈል 0.83 አምፔር ገደማ ይሆናል። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ንጋት 35 ሰዓት ነው። ወደ 29 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው። የኔ ባትሪ አዲስ ሳለ የሚይዘው 45 አምፔር ሰዓት ነበር። ትንሽ አምፖል ናት ብላችሁ አትናቋት።

«ታዲያ ለምን አታጠፋውም?» የሚል አይጠፋም። ማብሪያ ማጥፊያው ሦስት ቦታ አለው፦ ሁሌ የሚበራ፣ በር ሲከፈት የሚበራ፣ የጠፋ። የኔ «በር ሲከፈት» ላይ ሆኖ ነው በሩ ተዘግቶም አልጠፋ ያለው። አጥፍቼው መኖር እችል ነበር። ግን እኛ ሰፈር የመንገድ መብራት የለም። ቤት የምደርሰው ጨለማ ውስጥ ነው። ልጄ ደግሞ በየቀኑ አንድ እግር ጫማዋን ወንበር ስር ትጥላለች። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ጫማ የምፈልግ ከሆነ መኪና ለምን ገዛሁ?

ጋራዥ ወሰድኳት። የት እንደሆነ አልናገርም። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ አምፖሉን ቀየረ። ልብ በሉ፣ ችግሩ አልጠፋ ማለቱ ነው፣ እሱ የሚበራውን አምፖል በሚበራ አምፖል ተካ። ቀጥሎ ፊውዝ ቀየረ። በኔ መኪና የጣሪያው መብራትና ሰዓቱ በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠሩት፤ ሰዓቱ ደግሞ አንድም ቀን አልቆመም። ፊውዝ ቢቃጠል መብራቱ ጭራሽ አይበራም እንጂ አልጠፋ አይልም። ይህን ስነግረው ፊቱ ከበደ። በመጨረሻ «ኮምፒውተሩ ነው» አለ። ዘጠኝ ሺህ ብር። የማይታወቅ ነገር ሁሉ ኮምፒውተር ነው መቼስ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ፣ የአምፖሉንና የፊውዙን ግን አስከፍሎኛል።

ከዚያ በኋላ ራሴ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። አሠራሩ ቀላል ነው። አምፖሉ ፖዘቲቩን ሁሌም ያገኛል። የሚጎድለው ማሳው ነው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው። እሱን የሚሰጡት በየበሩ ምሰሶ ላይ ያሉት ትንንሽ ስዊቾች ናቸው። በሩ ሲዘጋ ተጭኖ ያስገባቸዋል፣ መስመሩ ይቋረጣል። ሲከፈት ይወጣሉ፣ ከብረቱ ጋር ይነካካሉ፣ መብራቱ ይበራል። ስለዚህ መብራቱ አልጠፋ ካለ ከአራቱ አንዱ በሩ እንደተዘጋ አልገባውም።

የትኛው? ካቻቢቴ ያዝኩና አንድ በር ከፈትኩ። ስዊቹን የያዘችው ብሎን አንዲት ናት። ፈታሁት፣ ሽቦውን ነቀልኩ፣ ሌሎቹ በሮች እንደተዘጉ ጣሪያውን አየሁ። አሁንም ይበራል። መልሼ አሰርኩና ወደ ሚቀጥለው ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ፣ የግራ የኋላው በር፣ ሽቦውን ስነቅለው ጨለማ ሆነ። የልጄ በር! ደስታዬ አንድ ደቂቃ ቆየ። ከዚያ የያዝኩትን ሽቦ ለቀቅኩትና ምሰሶው ውስጥ ገባ። ግማሽ ሰዓት በታጠፈ ሽቦ ሳጠምድ ዋልኩ። እናንተ ከመንቀላችሁ በፊት በክር እሰሩት። ይህን ምክር የሰጠኝ ሰው የለም።

ስዊቹ ምን ነበረበት? ጭንቅላቱ ላይ የሚለበሰው ጎማ ተቀዷል። በዚያ በኩል አቧራ ገብቷል። አንድ ሰው ይላላ ብሎ ግሪስ ቀብቶታል። ግሪስና አቧራ ሲገናኙ ጭቃ ነው። በሩ ሲዘጋ ከብረቱ እንዳይላቀቅ ያደረገው ያ ጭቃ ነው። እና ኮሮላን አልወቅስም። ሃያ ምናምን ዓመት የሠራ ስዊች ነው።

የምወቅሰው የሸጠልኝን ሰው ነው። በር ሳይዘጋ ሲቀር ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ ቀይ መብራት አለች። ያቺ ብትሠራ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። ለምን አትበራም ብዬ ዳሽቦርዱን አስፈታሁ። ቦታዋ ባዶ ነው። አምፖሏን አውጥተዋታል! ስገዛ ደላላው «እያት ወንድሜ፣ አንድም መብራት አይበራም፣ ንጹህ ናት» ያለኝ ትዝ አለኝ። እውነቱን ነው። የማትበራው ስለሌለች ነው። አሁን ባገኘው የምለው ተዘጋጅቷል፦ ወንድሜ፣ አፉን የሸበብከው ሰው ጤነኛ ነው አይባልም።

እቃ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ከቱሉ ዲምቱ ለአንዲት ስዊች መርካቶ መሄድ ቀልድ ይመስላል፣ እኛ ሰፈር ግን ጎማና ዘይት እንጂ እንዲህ ያለ እቃ የለም። አሮጌውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ይህ ግዴታ ነው። «የኮሮላ የበር ስዊች» ብላችሁ በአፍ ብቻ ከጠየቃችሁ የመጣላችሁን ትወስዳላችሁ። መጀመሪያ አዲስ ገዛሁ፣ 350 ብር። «ኦርጅናል ነው፣ ዓይኔን» አለኝ ልጁ። ቤት ስገጥመው ጭንቅላቱ ከአሮጌው በሁለት ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በሩ ገርበብ ብሎም መብራቱ ይጠፋል። መለስኩለት። «ሁለት ሚሊ ምን አላት?» አለኝ። ሁለት ሚሊ ማለት በሩ ሳይዘጋ ተዘግቷል የሚል ስዊች ነው፣ ልጄ ደግሞ በዚያ በር በኩል ነው የምትቀመጠው።

ሁለተኛው ሱቅ ከተፈታ መኪና የወጣ አሳየኝ። 1500 አለ፣ በ600 ተስማማን። አሮጌ ነው፣ ግን ስትጫኑት ያ ጠንካራ የስፕሪንግ ስሜት አለው። ጎማው ብቻውን አይሸጥም። ሰፈር ያለው ጎሚስታ ከተጣለ ካላማዳሪያ ቁራጭ ቆርጦ ሠራልኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። ያ ቁራጭ ጎማ እስከ ዛሬ አልተቀደደም።

እግረ መንገዴን ኤልኢዲ አምፖልም ገዛሁ፣ ከ10 ዋት ወደ 1 ዋት ልወርድ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ረስታችሁ ብታድሩም ባትሪው አይሞትም። ርዝመቱን ግን ለኩ፤ የእኔ 31 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከእሱ የሚረዝመውን በግድ ስትከቱት መያዣው ይጣመማል። ገጥማችሁት ካልበራ ደግሞ አትጣሉት፣ ገልብጡት፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን አወጣሁት። ሰማያዊ ሆኖ መኪናዋን ክሊኒክ አስመሰላት። ባለቤቴ «መርፌ ልወጋ ነው?» አለች። ቢጫው አምፖል ተመልሷል።

እንግዲህ ብትጠይቁኝ መግዛቴ አይቆጨኝም። መብራቱ ሳይስተካከል በፊት ብትጠይቁኝ ግን ሌላ መልስ ትሰሙ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን የነዳጅ መኪኖች እነዚሁ ናቸው፣ እያረጁም ይወደዳሉ። ስለዚህ በቁርጥራጭ ጎማም ቢሆን እንከባከባታለን። ስትገዙ ግን ሞተር አስነሱ፣ ከዚያ አራቱንም በሮች አንድ በአንድ ክፈቱና ቀይዋን መብራት ፈልጉ። ደላላው «ምን ታደርጋለህ?» ቢላችሁ አትመልሱለት።

መብራቱ ከተስተካከለ ሦስት ወር ሆነው። እኔ ግን አሁንም ማታ ልባሱን አልብሼ፣ ጠርዙን ገለጥ አድርጌ ሳላይ አልገባም። ትናንትም እንደዚያው ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ ከበሩ በኩል የጥበቃው ድምፅ መጣ።

«ጠፍታለች ልጄ፣ ግባ! ደግሞ ዛሬ ቢበራ አንኳኳለሁ።»