ጤና አዳሜና የተክል መብራቴ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እዚህ ዲሴምበር ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ እሱም ደመና ካልሸፈነው። ኩሽናዬ መስኮት ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ነበሩኝ። ኦክቶበር ሲያልቅ ሦስቱም መጠውለግ ጀመሩ። የተክል መብራት የገዛሁት ያኔ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። 20 ዋት የሚወስድ ነጭ ኤልኢዲ፣ አንገቱ የሚተጣጠፍ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ቆንጥጦ የሚይዝ። በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር አለው። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡም ይሸጣሉ። እኔ ነጩን በመምረጤ ደስ ብሎኛል። በሐምራዊ ብርሃን ቅጠሉ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ መለየት ያስቸግራል። የታመመ ተክል ለሚያስታምም ሰው ደግሞ ቀለሙን ማየት ግድ ነው።

መጀመሪያ በጣም ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። የበሶብላው ግንድ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ላይ ተንጠራራ። ወደ አንድ ስንዝር ሳወርደው አዲሶቹ ቅጠሎች ጠጋ ጠጋ ብለው ወጡ። ጫፉን ከጥንድ ቅጠሎች በላይ ስቀጥፈው ደግሞ በአንዱ ፈንታ ሁለት ቅርንጫፍ አወጣ።

ጤና አዳሙ ግን መብራት ገብቶለትም ቢጫ ሆነ። የጠማው መስሎኝ ውሃ ጨመርኩለት። ይባስ ብሎ አንገቱን ደፋ። ለእማዬ ደውዬ ስነግራት፣ "አንቺ ልጅ፣ አፈሩን በጣትሽ ነክተሽዋል?" አለችኝ። አልነካሁትም ነበር። ጣቴን ስከት ጭቃ ነው። ከማሰሮው ሳወጣው ግማሹ ሥር ጠቁሯል፤ በጣቴ ስይዘው ቆዳው ሙልጭ ብሎ ይወጣል፤ ሽታው እንደ ረግረግ ነው።

የጠቆረውን በንጹሕ መቀስ ቆረጥኩ። ጓንት አድርጌ ነው፤ የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ ከታች ቀዳዳ ያለው ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ተከልኩት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ፐርላይት የሚባለው ነጭ ቀላል ጠጠር። ውሃ የማጠጣው አፈሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ሲደርቅ ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ከግንዱ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ቅልቅል አረንጓዴ ቡቃያ አየሁ። በደስታ ጮህኩ!

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ብርሃን ያነሰው ተክል ብዙ አይጠጣም። እኔ ግን በጨለማው ወራት የበጋውን ያህል አጠጣው ነበር። መብራቱ ቀኑን አስረዘመለት እንጂ የበሰበሰ ሥር አያድንም። ይህን ማንም ሻጭ አልነገረኝም።

የጥብስ ቅጠሉ እናት ተክል አልተረፈችም። ማሞቂያው አጠገብ ነበረች፤ ደርቃ አለቀች። የደረቀ ግንዷ እንደገና አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ ለስላሳ ጫፎች ቆርጬ ሦስት ተከልኩ፤ ሁለቱ ሥር ሰደዱ።

አሁን ቅሬታዬ። በአምስተኛው ወር መቆንጠጫው ላላ። አንድ ሌሊት መብራቱ በሶብላው ላይ ወድቆ ቅርንጫፍ ሰበረ። (ቅርንጫፉን ውሃ ውስጥ አቆምኩት፤ በሳምንቱ ነጭ ሥር አወጣ።) ታይመሩም ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። ለብቻው የሚሸጥ የሶኬት ታይመር ገዝቼ ተገላገልኩ። መብራት ግን አይበላም፤ በቀን 12 ሰዓት አብርቼው በወር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ድጋሚ ብገዛ በብሎን የሚታሰር ወይም የራሱ እግር ያለው እገዛለሁ። ዋቱና ብርሃኑ ይበቃኛል።

አሁን ጁን ነው፤ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ብርሃን አለ። መብራቱን ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ጤና አዳሙና ሁለቱ ጨቅላ የጥብስ ቅጠሎች በረንዳ ወጥተዋል። በሶብላውን ብርድ ስለሚገድለው ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን እስኪያቆም አስገባው፣ አስወጣው ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውጭ ያድራል።